ውሃ የገባበት ቤንዚን፦ ከሐዋሳ ወደ አርሲ

የጀልባ ሞተር ልጠግን ወደ አርሲ እሄዳለሁ ስል የሐዋሳ ዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እነሱ የሚያውቁት አርሲ ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት፣ ሯጭ የሚወጣበት ብርድ አገር ነው። አንዱ "ጀልባውን በገብስ ማሳ ላይ ሊነዱት ነው?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከነሱ የተሻለ አላውቅም ነበር። የዝዋይ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር የአርሲ ምድር መሆኑን፣ ከዚያ ዳር ተነስቶ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ሰው መኖሩን የሰማሁት ከእህቴ ባል ነው። አሁን ተመልሼ ቤቴ ተቀምጬ ይህን የምጽፈው በዚያ መንገድ የመሄድ ዕድል ለማያገኙ ነው።

እህቴ ስንዱ ነርስ ናት። መንግሥት አሰላ መደባት፣ እዚያው ተሾመን አግብታ ቀረች። የተሾመ ቅድመ አያቶች ከሸዋ መጥተው ሁሩታ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ አሰላ ከተማ እህል ይነግዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃሲም ከሚባል፣ ሐይቁ አጠገብ ካለችው ከኦጎልቾ ሰው ጋር ተሻርኮ ባለ ሞተር ጀልባ ገዛ። ቃሲም ይነዳል፣ ተሾመ ወጪና ገቢውን ይከታተላል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሞተሩ ሐይቅ መሃል እየቆመ አስቸገራቸው። ስንዱ ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ከጀልባ ጋር ነው የኖርከው። መጥተህ እያት" አለችኝ። "ሞተሩ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኩህ። ሁለቱ ሰዎች ሊለያዩ ነው" ስትል ጨመረች።

ሰኞ

ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ ለእኔ እንደ ቤቴ ደጅ ነው። ከሻሸመኔ በኮፈሌ በኩል ሽቅብ ስንወጣ ግን ሌላ አገር ገባን። የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ተዘጋ፤ ተሳፋሪው ጋቢውን ሳበ። እኔ እንደ ሐዋሳ ሰው በሸሚዝ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጥቂት ካዩኝ በኋላ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝና ወደ መስኮታቸው ዞሩ።

አሳሳን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ትርፉ ጎማም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን በአንድ አይሱዙ ላይ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሲሄድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን። ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ወጥተው በእጃቸው ጠሩን። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እንግዳ ሁሉ እሳቱ ዙሪያ እንዲቀመጥ አደረጉና በየተራ ትኩስ ወተት ቀዱልን። ሐዋሳ መኪና ቢበላሽብን ኖሮ አጠገባችን ያለ ካፌ ገብተን እናዝዝ ነበር፤ ባለቤቱም ስማችንን ሳይጠይቅ ሂሳብ ይቀበለናል። እኚህ ሰው ግን ከየት እንደመጣን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ የማን ልጆች እንደሆንን አንድ በአንድ ጠየቁ። መልሱ ግማሹ አልገባቸውም፤ ቢሆንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙን።

በቆጂንና ሳጉሬን አልፈን አሰላ የገባነው አመሻሹ ላይ ነው። የተሾመ እናት እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት፣ ከሁሩታ መጥተው ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሲያቅፉኝ ጣቶቼ መድረቃቸውን አይተው "ይሄ ሰው በበረዶ ነው የመጣው" ብለው ሙቅ ውሃ አስመጡና ቅቤ የጠገበ ጭኮ አቀረቡልኝ። የተቆላ ገብስ እንዲህ ሰውን እንደሚያሞቅ አላውቅም ነበር። ሐዋሳ ሰው በዚህ ሰዓት መስኮት ከፍቶ ነው የሚተኛው፤ እኔ ያን ሌሊት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም እግሬ አልሞቀም።

ማክሰኞ

ተሾመ ካፖርቱን አውሶኝ በጠዋት ወደ ኦጎልቾ ወረድን። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በወረድን ቁጥር ገብሱ እየቀረ ግራሩ መጣ። ካፖርቱን አወለቅኩ፤ ቀጥሎ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። አየሩ የሐዋሳ አየር ሆነና አገሬ የተመለስኩ መሰለኝ።

ተሾመ ነገሩን የነገረኝ በዚህ መንገድ ላይ ነው።

"ኦጎልቾ ቤንዚን ሁልጊዜ አይገኝም፣ ጋሽ ደምሴ። ስለዚህ ቃሲም በየሳምንቱ አሰላ ይወጣል። ከእኛ ቤት ባዶ ጀሪካን ይወስዳል፣ ያስሞላል፣ ይወርዳል። ባዶውን ደግሞ እኔ ይዤ እመለሳለሁ። አንድ መካኒክ ሞተሩን ሲፈታው ውሃ አገኘበት። ከአሰላ እስከ ሐይቁ ቤንዚኑ በማን እጅ ነው?"

"ጠየቅከው?"

"ባለፈው ሳምንት ዳር ላይ ነገርኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። 'ቤንዚኑን ትሸጣለህ፣ በጎደለው ውሃ ትሞላለህ' አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ዝም አለ። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል እንዴ?"

ቤንዚን በውሃ የሚያበዛ ሰው እኛም ዘንድ ገጥሞኝ ያውቃል፤ እኔም በልቤ ሳላምነው አልቀረሁም።

የዝዋይ ሐይቅ የእኛን ሐይቅ አይመስልም። የእኛ በተራራ የተከበበ፣ ከዚህ ዳር ቆመው ያንን ዳር የሚያዩት ነው። ይህኛው ሰፊ ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ዳሩ ደንገል ብቻ ነው። ቃሲም ጀልባዋ ውስጥ ቆሞ የገባውን ውሃ እየጨለፈ ይጠብቀን ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የእኔን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ስለ መንገዴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ተሾመን "አካም" ብሎ ብቻ አለፈው።

ሞተሩን ከፍቼ አየሁት። ካንዴላዎቹ ጠቁረዋል፤ ካርቡሬተሩ ቆሽሿል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጠብኩ። ገመዱን አንዴ ብቻ ስቤ ሲነሳ ተሾመ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝና ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከገበያ የሚመለሱ የደሴቱ ሰዎች ጆንያቸውን ጫኑ፤ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ገባች፤ ተነሳን።

ግማሽ መንገድ ድረስ ሞተሩ አላስቸገረም። ከሰዓት በኋላ የዚህ ሐይቅ ነፋስ እንደሚነሳ አልነገሩኝም ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ማድረግ ሲጀምር ሞተሩን አሳለው፣ አንዴ ጮኸ፣ ቆመ። ደጋግሜ ሳብኩት፤ አልሰማ አለኝ። ነፋሱ ጎናችንን እየመታ ወደ ደንገሉ ይገፋናል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ወደዚያ እያመለከተ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አልኩት ቃሲምን።

"ጉማሬ አለ ነው የሚለው" አለኝ ድምፁን ሳይለውጥ። "እውነቱን ነው፤ ግልገል ይዛለች።"

ቃሲም መቅዘፊያዎቹን አወጣ። አንዱን ለተሾመ ሰጠና ሌላውን ራሱ ያዘ። እኔና ሁለት ገበሬዎች በጣውላ ቀዘፍን። ሕፃን ያዘለችው ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ በነጠላዋ አሰረችው፤ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ እንዳይለያት ነው። ተሾመና ቃሲም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸው አንድ ላይ እየወጣ፣ ሳይተያዩ ቀዘፉ። ደንገሉን በግራ ትተን የተነሳንበት ዳር ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሴትየዋ ወርዳ ወደ መንደር ሄደች። የከፈለችውን ሊመልስላት ቃሲም ቢከተላት እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

ተሾመ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አንስቶ ወደ አሰላ ተመለሰ። እኔ ቃሲም ቤት ቀረሁ።

ረቡዕ

የቃሲም ሚስት ራቢያ ጠዋት የሰጠችኝ ቁርስ በዘይት የተሠራ ሽሮ ነበር። እነሱ ወተትና ቅቤ ነው የበሉት። "ረቡዕ ነው፤ እናንተ ትጾማላችሁ" አለችኝ። እኔ መንገደኛ ነኝ ብዬ ጾሙን እስከመርሳት ደርሼ ነበር፤ የሌላ ሃይማኖት ሰዎች በቤታቸው አስታወሱኝ።

ከቃሲም ጋር ወደ ዳሩ ወርደን ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለውን የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ እኛ ሰልባቲዮ የምንለውን፣ ፈትተን አወጣነው። ከሥሩ ያለውን ነዳጅ በጎማ ቱቦ ስቤ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቀዳሁትና ድንጋይ ላይ አስቀምጠነው ጠበቅን። ቀስ እያለ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቢጫው ቤንዚን፣ ከታች አራት ጣት የሚሆን የጠራ ውሃ። ውሃ ይከብዳል፤ ሥር ይተኛል። ሐይቁ ጸጥ ሲል ሞተሩ ከላይ ያለውን ቤንዚን እየጠጣ ይሄዳል። ማዕበል ሲመጣ ግን ውሃው ይናወጥና ወደ ቱቦው ይገባል። ትናንት መሃል ላይ የቆምነው ለዚህ ነው፤ የእኔ ካንዴላ ምንም አልፈየደም።

ቃሲም ፕላስቲኩን አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዘው።

"ስለዚህ ውሃ አለ" አለ።

"አለ።"

"እኔ አልጨመርኩም።"

"ያን ቀን ለምን ዝም አልክ ታዲያ?"

አጠገቤ ተቀመጠ። "ምን ልበል? ብምል፣ ሌባ ይምላል ይሉኛል። ብቆጣ፣ ነክቶት ነው ይላሉ። ተሾመን ወንድሜ ነበር የምለው። ቤቱ የእኔ ቤት ነበር፤ እናቱ ሳልበላ አይለቁኝም። እሱ እንዲህ ካሰበ ሌላው ምን ያስብ? ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ 'አባቴ፣ ውሃ ሻጭ ነህ ይሉሃል' አለችኝ።"

ሰልባቲዮውን በደረቅ ጨርቅ ወለወልነው፣ አፉን ከፍተን ለፀሐይ ሰጠነው፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ፊልትሮ ቀየርን። የተበላሸውን ነዳጅ ዳሩ ላይ ልደፋው ስል ቃሲም ክንዴን ያዘኝ። "እዚህ አይሆንም፤ ዓሣው ይሞታል" አለና በጀሪካን ይዞት ወደ ቤት ወሰደው፤ ከረጋ በኋላ ላዩን እንቀዳዋለን አለ። እኔ ስንት ዓመት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስንቱን ደፍቻለሁ።

ማታ እራት ላይ "ነገ አብረን አሰላ እንውጣ" አለኝ። "ስገዛ ከጎኔ ቁም። ከዚያ በኋላ ያየኸውን ተናገር።"

ሐሙስ

አሰላ ስንደርስ ካፊያ ነበር። ቤንዚን የሚሸጥላቸው ሰው ዘንድ ሄደን መጀመሪያ በፕላስቲክ አስቀዳን። ጠበቅነው፤ አንድ ጠብታ ውሃ የለውም። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው። ቀጥለን ጀሪካኖቹን ለመውሰድ ወደ ተሾመ ቤት ሄድን። ቃሲም በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"አንተ ግባና አምጣቸው። እዚህ እጠብቃለሁ" አለኝ።

እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ቢጫ ጀሪካኖች አጥር ላይ ተደፍተዋል። "አጥቤልሃለሁ ልጄ፣ አንዴ በሳሙና፣ ሁለቴ በንጹሕ ውሃ" አሉኝ ደስ ብሏቸው። "ተሾመ ሞተር ቆሻሻ አይወድም ስላለኝ በየሳምንቱ ሳላጥብ አልሰጥም።"

ቆሜ ቀረሁ። እኛ ቤትም ሚስቴ ጀሪካን ታጥባለች። ሐዋሳ ግን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ እንደ አጥንት ይደርቃል። እዚህ አሰላ ግን ማክሰኞ ጠዋትም ዛሬም ፀሐይ አላየሁም። አንዱን ጀሪካን አንስቼ ደፋሁት፤ ምንም አልወጣም። እጀታው ግን ውስጡ ባዶ ነው። በጎኑ አስተኝቼ ወደ እጀታው አዘነበልኩትና መልሼ ደፋሁት፤ ውሃው እየተንዠቀዠቀ እግሬ ሥር ወረደ። ብዙ አይደለም፣ ሩብ ብርጭቆ ቢሆን ነው። በየሳምንቱ ሩብ ብርጭቆ ግን ከክረምት ወዲህ ሲጠራቀም ሰልባቲዮውን ሊያበላሽ በቂ ነው።

ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። አዲስ ጀሪካን ግዙ ብዬ፣ ምክንያቱን ሳልናገር መሄድ እችላለሁ። እኚህ ሴት በሙቅ ውሃ ተቀብለውኛል፤ በእንግድነት ቤት ገብቶ የቤቱን እናት ማሳፈር ከባድ ነው። በሌላ በኩል ቃሲም ካፊያው ውስጥ ቆሟል።

"ምን አየህ?" አሉኝ እትዬ አስካለ። ፊቴን አይተውታል። "ቃሲም ለምንድነው የማይገባው? ድምፁን ሰምቻለሁ።"

ነገርኳቸው። ተሾመ ለካ ምንም አልነገራቸውም ነበር። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ።

"ያ ሰው ሌባ ተባለ?"

"ተባለ።"

"በእኔ ውሃ?"

መልሴን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ቃሲም ሲያያቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው እጁን ትተው ጉልበቱን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጦ ደገፋቸው።

"እኔ ነኝ ልጄ። እኔ ነኝ ውሃውን ያስገባሁት። ሳላውቅ ነው" አሉት።

"እርስዎ እናቴ ነዎት" አለ ቃሲም። "ለእኔ ብለው ያጠቡትን ማን ይከሳል? በእርስዎ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።" በልጃቸው ላይ እንዳለው ግን አልደበቀም፤ ግባ ሲሉትም ሳይገባ፣ አዲስ ጀሪካን ገዝቶ ቤንዚኑን አስሞላና ወረደ።

ተሾመ ከሱቁ ሲመለስ ስንዱ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉት እናቱ።

"ልደውልለት።"

"ስትሰድበው በስልክ ነበር?"

ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ዓርብ

እትዬ አስካለ ከእኔና ከተሾመ ጋር ካልሄድኩ አሉ። ሁሩታና አሰላ ሲኖሩ ያን ሐይቅ አይተውት አያውቁም። የደጋ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወረዱ፤ ሙቀቱ ሲጀምር ግንባራቸውን እየጠረጉ "ሰው እዚህ እንዴት ይተነፍሳል?" አሉ። እኔ ደግሞ ከአሰላ ብርድ ወጥቼ ገና መተንፈሴ ነበር።

ከጁምዓ በኋላ ዳሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጀልባ ይጠብቅ ነበር። ሕፃን ያዘለችው ሴት አልነበረችም፤ በሌላ ጀልባ መሻገሯን በኋላ ሰማሁ። ቃሲም አዲሱን ቤንዚን ሞልቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ገመድ ይጠቀልል ነበር። ተሾመ ከመኪናው ወርዶ ጥቂት ቆመ። እናቱ አልገፉትም፤ አላዩትምም።

ሲናገር በኦሮምኛ ነው የተናገረው፤ ያን ቀን የሰደበው በዚያው ቋንቋ ነበርና። እኔ ጥቂት ቃል ብቻ ያዝኩ። ስለ ጀሪካን ተናገረ፣ ስለ እናቱ ተናገረ፣ ቀጥሎም "ዶጎጎሬራ" ሲል ሰማሁት፤ አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ተሳስቻለሁ፣ ስሙን አጥፍቻለሁ ነው የሚለው" አሉኝ። ድምፁ መጀመሪያ ጠንካራ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን አይሰማም ነበር። ሽማግሌው ሰውን ሁሉ ቃኙና "ሰምተናል" አሉ።

ቃሲም እስከዚያ ድረስ አልዞረም። ከዞረም በኋላ ተሾመን ለረጅም ጊዜ አየው።

"እኔም ሰምቻለሁ" አለ በአማርኛ። "ይቅር ማለት ግዴታዬ ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ። እንደ ድሮው ለመሆን ግን ጊዜ ስጠኝ።" ከዚያ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ "ነፋሱ ሳይነሳ ተሳፈሩ" አላቸው።

እትዬ አስካለም አብሬ ካልተሻገርኩ አሉ። ቃሲም እጃቸውን ይዞ ከጎኑ አስቀመጣቸው። መሃል ላይ ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ፤ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረች። ሁላችንም የሞተሩን ድምፅ እናዳምጥ ነበር። እትዬ አስካለ በአንድ እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ፣ በሌላው የቃሲምን እጅጌ ይዘዋል። ሞተሩ አልቆመም።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

በማግሥቱ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጎማም አልፈነዳ፣ በረዶም አልወረደ፤ ስለዚህ የማወራው የለኝም። ከኮፈሌ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲነካኝ ደስ አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ ለስንዱ ደውዬ ስለ ጀልባዋ ጠየቅኳት። ደህና ናት አለችኝ። ቤንዚኑን በአዲስ ጀሪካን፣ ሁለቱም አብረው ሆነው ይገዛሉ። ሞተሩን ፈርተው የቀሩ ተሳፋሪዎችም ተመልሰዋል።

"ቃሲም ቤት ይገባል?" አልኳት።

"በር ድረስ ይመጣል። እማማን ሰላም ብሎ፣ ጉንጫቸውን ስሞ፣ ዛሬ እቸኩላለሁ ብሎ ይሄዳል።"

"ተሾመስ?"

"በመጣ ቁጥር ግባ ይለዋል" አለችኝ ስንዱ። "ይመጣል ብሎ ካሰበ ወንበር አስቀድሞ በሩ ጋ አውጥቶ ይጠብቀዋል።"